ለእህቴ የሰቀልኩት መቁጠሪያ

እህቴ ሮላንድ ከሐይቁ አገር በአውቶቡስ ስትመጣ አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ብልቃጥ የባቄላ ሾርባና አንድ ትልቅ ኩርፊያ ይዛ ነው የወረደችው። ሻንጣውን ተቀበልኳት። ሾርባውን እዚያው ማታ ጨረስነው። ኩርፊያው ግን ለእኔ እንዳልሆነ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ነገረችኝ። ለልጇ ነው።

«ሬዣን መጦሪያ ሊያስገባኝ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። «አሳንሰር አለው፣ ነርስ አለው፣ ማታ ማታ ቢንጎ ያጫውታሉ ይለኛል። ቢንጎ! እኔን!»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እሁድ ስመለስ መልሴን ትሰማለህ አልኩት። እስከዚያ ግን ከተማ ልይ። ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ የማውቀው የዚህን ከተማ ሆስፒታል ብቻ ነው። እንደ ቱሪስት ልዙር፣ ፎቶ ልነሳ፣ ውድ ነገር ልብላ። ከዚያ በኋላ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ዙሪያ ጥምጥም አልወድምና የምፈልገውን አሁኑኑ ልናገር። ሮላንድ መጦሪያ እንድትገባ አልፈልግም። ባሏ ፊሊበር ከሞተ ወዲህ ብቻዋን በቀረችበት ባዶ ቤት ከንፋስ ጋር ስታወራ እንድትኖርም አልፈልግም። የምፈልገው ከእኔ ጋር እንድትኖር ነው። እዚህ ኬቤክ፣ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አለኝ። ድሮ ደረጃው ሁሉ የሰው ነበር። የአንዱ ልጅ ሲያለቅስ የሌላው እናት ታባብል ነበር። አሁን ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ከቅጥሩ ወጥተው ቤቱ ሁሉ ለእንግዳ ይከራያል። ከእኔ በቀር በዚያ ደረጃ የሚወጣው ሻንጣ የሚጎትት ብቻ ነው። ሰላም ስላቸው ፎቶ ያነሱኛል።

ታዲያ ለምን አልጠየቅሻትም የሚለኝ ሰው እኔን አያውቅም። እኔ ለምኜ አላውቅም። ከገደሉ አናት ባለው ትልቁ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስተኩስ ነው ያረጀሁት። አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ፣ አንዱንም «እባክህ» ብዬው አላውቅም። ደግሞ የጠየቀ ሰው እምቢታ ይሰማል። እምቢታ በልጅነት ይዋጣል፤ በእኔ ዕድሜ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከተማውን ራሱን ሽማግሌ አድርጌ ልልክባት ቆረጥኩ። ይሄ ሁሉ ቱሪስት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለት ከተማ አንዲት የገበሬ ሚስት ማሳመን ያቅተዋል? ቅጥሩን ላሳያት፣ መድፎቹን ላሳያት፣ ወንዙን ከላይ ሆና ትየው። ከዚያ በራሷ አፍ «እትዬ፣ እዚህ ብኖርስ?» ትለኛለች። እኔም ትንሽ አሰብ አድርጌ፣ እሺ እላታለሁ።

ለዚህ ግን ፀሐይ ያስፈልጋል። የእኛ ከተማ በፀሐይ ንግሥት ናት፤ በዝናብ ግን የድንጋይ ክምር። እናም ሮላንድ መንገድ አድክሟት በጊዜ ስትተኛ፣ መቁጠሪያዬን ከመሳቢያ አወጣሁና ከጀርባ በረንዳዬ ወጣሁ። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ አያያዝኩት፣ መዘውሩን ሳብኩና ወደ ግቢው መሃል ላክሁት። እኛ ዘንድ ሠርግ ያለበት ቤት በዋዜማው እንዲህ ያደርጋል፤ እመቤታችን ዝናቡን ትይዝልናለች። የሚስቅ ይሳቅ። በዚህ አገር ስንቷ ሙሽራ ሳትበሰብስ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በራዲዮው ትንበያ አይደለም።

ዓርብ ጠዋት የነቃሁት በአሸንዳው ጩኸት ነው። ዝናቡ ይወርዳል ብቻ አይደለም፣ ይደፋል። በሌሊት ልብሴ በረንዳ ወጣሁ። ገመዱ ባዶ ነው። መቆንጠጫዎቹ ብቻ ይንጠባጠባሉ።

ወደ ኩሽና ገባሁ። ሮላንድ ዳቦ ጠብሳ፣ ከአገሯ ያመጣችውን የሰማያዊ እንጆሪ ማርማላታ እንደ ጭቃ እየለጠፈችበት ቁጭ ብላለች። መቁጠሪያዬ ከሽርጧ ኪስ ብቅ ብሏል።

«ምን ሆነሽ ነው ያወረድሽው?» አልኳት።

«ደህና አደርሽ፣ እትዬ።»

«ምን ሆነሽ ነው ያወረድሽው!»

«እንጆሪዬ ተጠምቷል» አለችኝ፣ ዳቦዋን እያኘከች። «ሐይቁ ጋ ዝናብ ካየን ሰነበትን። ቅጠሉ ተጠቅልሏል። ፍሬው ጥይት አክሎ ቀርቷል። ከንጋቱ ለውሃ ብዬ ስነሳ በመስኮት ባይ ገመድሽ ላይ መቁጠሪያ! ሮጬ ሳብኩት።»

«እዚህ የሰቀልኩት መቁጠሪያ አንቺ ማሳ ድረስ ምን አገናኘው? በአውቶቡስ እንኳን ግማሽ ቀን ነው!»

«እመቤታችን አንድ ናት። ለአንቺ አንድ፣ ለእኔ አንድ የላትም። ‹ዝናቡን ያዢልኝ› ስትያት ከየት እስከ የት አልሽ? ድንበር ነገርሻት?»

እውነቱን ለመናገር ድንበር አልነገርኳትም።

«እና አሁን ከተማውን በምን ልታዪው ነው?» አልኳት።

«በዓይኔ።»

ከዝናቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሰውነቷ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ይበላል፣ ልቧ እዚያ ማሳዋ ላይ ነው። ሽማግሌዎቼ ገና በር ሳያንኳኩ ተመለሱ አልኩ በሆዴ። ኩርፊያው አሁን የእኔ ሆነ።

«ደግሞ ያ የተኛሁበት ክፍል ቀለም ቀለም ይሸታል» አለችኝ።

«የከተማ ሽታ ነው።»

«ሰማያዊ ሰማያዊ ይሸታል።»

«በልተሽ ጨርሺና ልበሺ» አልኳት።

ከሴን ዣን በር አጠገብ ካለው ሱቅ ቱሪስት የሚለብሰውን ቢጫ የዝናብ ላስቲክ ገዛን። ዕድሜዬን ሙሉ የሳቅሁበትን ላስቲክ ለበስኩ። የዶሮ ጫጩት መሰልን፣ ያውም ያረጀ ጫጩት። ሮላንድ ደስ አላት። በሩ ሥር ቆማ አንዱን የጃፓን ወጣት በምልክት አስቁማ ፎቶ አስነሳችን። እኔ ጥርሴን አላሳየሁም።

ከቅጥሩ አናት ወጥተን በግንቡ ላይ ስንሄድ ዝናቡ ከጎን ይመታናል። ሮላንድ ቆማ ግንቡን በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው፣ ከብት እንደሚገዛ ሰው።

«ይሄን ሁሉ ድንጋይ የቆለሉት ለማን ብለው ነው?»

«እንግሊዝ እንዳይገባ።»

«አልገባም?»

«ገባ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል? የፊሊበር አጥር ይሻላል። ከብት አንድ ቀን አልወጣበትም።»

ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰድኳት። ከዚያ ላይ ወንዙ ሲታይ፣ መርከቦቹ፣ ማዶ ያለው የሌቪ ከተማ፣ ራቅ ብሎ ደሴቱ፣ ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ያን ቀን የሚታየው ጉም ነው። ወንዙ አለ ብዬ ማልኩላት።

«አምንሻለሁ» አለች። «ይሸተኛል።»

ትልቁን ሆቴል ቀና ብላ አየችው፤ መዳብ ጣሪያውን፣ ግንቦቹን።

«መስኮቱ ብዛቱ! ማነው የሚወለውለው?»

«ሌላ ሰው። እኔ አንሶላው ላይ ነበርኩ።»

«ያሳዝናል» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እንዲህ እያለች ያሳየኋትን ሁሉ በእግሯ ገፋችው። ቁልቁል አንገት ሰባሪ ደረጃ ወረድን፤ «ይሄን የሠራው አማት ያለችው ሰው ነው» አለች። ሽቅብ ተመለስን፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። የእኔም፣ ግን አላሳየሁም። ከዳቦ ቤት ሁለት ቁራጭ የስኳር ታርት ገዝተን ከምሽጉ ሥር ካለው የበር ቅስት ገባን። ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ነው። ሮላንድ ታርቷን ገና በአፏ ስታደርግ የቀትሩ መድፍ ጮኸ።

እኛ የቅጥሩ ሰዎች ያን መድፍ አንሰማውም። ሰዓት ነው። ሲጮህ ሾርባውን ከእሳት እናወርዳለን፣ አለቀ። ላስጠነቅቃት አልታወሰኝም። ሮላንድ ታርቷን ወርውራ ግድግዳው ላይ ተለጠፈችና «ፊሊበር!» ብላ ጮኸች።

ቀስ ብላ ከግድግዳው ተላቀቀች።

«ድብ እንጆሪያችን ውስጥ ሲገባ ይተኩስ ነበር» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። «እኔ ከውስጥ ሆኜ ‹ፊሊበር!› እላለሁ። እሱ ‹ደህና ነኝ!› ይላል። ሁልጊዜ ይመልስልኝ ነበር።»

ከላስቲኩ ኮፍያ ሥር ፊቷ ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ ልጅ ሆና እናታችን ፀጉሯን ስትሠራት እንደነበረው። ያን ጊዜ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን «ታርቱን አንሺው፣ እርግብ ይሰበሰባል» የሚል ነው።

አነሳችው። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና የእኔን ታርት ግማሹን ቆርሳ ወሰደች። ስትበላ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰች፤ ስኳር ያደረገውን እኔ ሳላደርገው።

«በቃኝ በእግር» አለች። «አሁን በሰረገላ።»

«በምን?»

«ቱሪስት በሰረገላ ይዞራል። ይኸው ቆሟል።»

እውነትም አደባባዩ ላይ አንድ ጋሪ ብቻ ቆሟል። ቱሪስት ሰረገላ ይበለው፣ እኔ ጋሪ እለዋለሁ። በዝናቡ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ቤታቸው ሲገቡ የቀረው ኦኔዚም ነው። ኦኔዚምን አውቀዋለሁ። በየቀኑ በመስኮቴ ሥር ያልፋል፤ ካፑሲን የምትባለው ባዝራው ፋንድያዋን እዚያው ትጥላለች፤ እኔ ከላይ እጮሃለሁ፤ እሱ ከታች ኮፍያውን ያነሳል። ለዓመታት ያለን ንግግር ይኸው ነው። አሁን እንደ ቱሪስት ቢጫ ላስቲክ ለብሼ ጋሪው ላይ ልወጣለት?

«አልወጣም» አልኳት።

«እኔ እወጣለሁ። አንቺ በእግርሽ ተከተይን።»

ጉልበቴ ነው የወሰነልኝ። የላስቲኩን ኮፍያ እስከ አፍንጫዬ ጎተትኩና በጆሮዋ «ስሜን ብትጠሪ እዚሁ እጥልሻለሁ» አልኳት። ከጋሪው ክዳን ሥር ጥግ ላይ ተሸጎጥኩ። ሮላንድ ፊት ለፊት ተደላድላ ተቀመጠች።

«ቦንዡር፣ ሙሴ!» አለችው። «ቱሪስት ነን። ይቺ እህቴ ናት፤ ጆሮዋ አይሰማም።»

ኦኔዚም በጀርባው እንዳለ ኮፍያውን አነሳ። ከኮፍያው ውሃ ፈሰሰ። «ከሐይቁ ነዎት፣ ማዳም?»

«እንዴት አወቁ?»

«አነጋገርዎ እንጆሪ እንጆሪ ይላል።»

ሮላንድ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ የሳቀችው ደግሞ በዚያ ባለጋሪ ነው። ካፑሲን እርጥቡን ድንጋይ በኮቴዋ እያስጮኸች ተነሳች።

ያ ሰው ውሸቱን እንዴት እንደሚሸጥ ያን ቀን ሰማሁ። እዚህ መስኮት ላይ ልዕልት አለቀሰች፣ እዚያ ምድር ቤት ወርቅ ተቀብሯል። ከአንድ ግድግዳ ሥር የተጣበቀች ክብ ብረት አሳይቶ «ይቺ እንግሊዝ የተኮሳት የመድፍ ጥይት ናት፤ እንደ ወደቀች ቀርታለች» አለ። ያቺን ብረት ዳቦ ጋጋሪው ጋሪ ግድግዳውን እንዳይፍቅበት ብሎ ሲያስቀምጣት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ደንቆሮ ነኝ። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ሮላንድ ወደ እኔ ዞራ ጮክ ብላ «ጥይት ናት አለ!» ትለኛለች፣ በሳቅ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ።

የእኔ መንገድ ላይ ስንደርስ እንዳይቆም እመቤታችንን ለመንኳት። ግን ጠዋት በድንበር ነገር ተቀያይመን ነበር መሰለኝ፣ አልሰማችኝም። ካፑሲን ከቤቴ በር ፊት ለፊት ቀጥ አለች። ኦኔዚም ልጓሙን ነቀነቀ። ንቅንቅ የለም። አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ መስኮቴ ታያለች።

«አይቆጡ፣ ማዳም» አለ ኦኔዚም። «እዚህ ሳትቆም አታልፍም። አመሏ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት አለች።»

ሮላንድ ቀና አለች። «ምን ዓይነት አሮጊት?»

«በዚህ ቅጥር ላይ ያለውን መድፍ ሁሉ አይተዋል? የእሷ ምላስ ይበልጣል። ጠዋት በመስኮት ብቅ ትልና ‹አንተ ቆሻሻ፣ ይሄን ፋንድያ ማን ይጠርግልሃል?› ትለኛለች። ጩኸቷን ስትጨርስ ቅርጫት በገመድ ታወርዳለች። ቅርጫቱ ውስጥ ፖም አለ። ለፈረሷ ነው። አንድ ቀን ለእኔ አድርጋ አታውቅም።»

ሮላንድ አፏን በላስቲኩ ያዘች። እኔ ጥግ ውስጥ ሆኜ ያን ሰው በምን ብመታው እንደሚሻል አስባለሁ።

«ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሆናለች» ሲል ቀጠለ፣ አሁንም ጀርባውን ሰጥቶን፣ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ። «ከፋሲካ በኋላ የልብስ ስፌት ክፍሏን ባዶ አደረገች። የስፌት መኪናዋን ሳይቀር አውጥታ ሰጠች። ግድግዳውን ራሷ ቀባችው፤ ሰማያዊ። ያን አልጋ በደረጃው ያወጣሁት እኔና የወንድሜ ልጅ ነን። ‹ለማን ነው፣ ማዳም?› አልኳት። ‹ለአይጦች› አለችኝ።»

ሮላንድ ሳቋን አቆመች።

«ትናንት ደግሞ በጓሮ ሳልፍ መቁጠሪያ ትሰቅላለች። እንዲህ የምናደርገው ለሠርግ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል። ‹ማን ሊያገባሽ ነው?› አልኳት። ሌላ ቀን ቢሆን ባልዲ ትደፋብኝ ነበር። ትናንት ግን ‹ዝም በል፣ እህቴ ተኝታለች› አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። እኔ ያቺን ሴት ቀስ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።»

ዝናቡ ክዳኑን ይደበድባል። ካፑሲን እስካሁን ፖሟን ትጠብቃለች። ሮላንድ ወደ እኔ አልዞረችም፤ የሰማያዊው ክፍል መስኮት በዚህ በኩል ነውና እሱን ታየዋለች፣ ከተማውን ሁሉ ሳሳያት ያላየችውን ያህል።

«ሙሴ» አለች። «እዚሁ እንወርዳለን።»

እሷ በራሷ ወረደች። እኔ ኮፍያዬን እንደ ሸፈንኩ እግሬን ወደ መርገጫው ስዘረጋ ኦኔዚም ክንዴን ያዘ።

«ቀስ ይበሉ፣ ማዳም ዩጌት» አለኝ። «ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ኮፍያዬን ገለጥኩት። ፊቱን አየሁት። ከመጀመሪያው አንስቶ ያውቅ ነበር፣ ያ ሌባ።

«አንተ ውሸታም» አልኩት። «ጥይት ናት አልካት።»

«ስለ ጥይቷ ዋሽቻለሁ» አለኝ። «ስለ ሌላው ግን አልዋሸሁም።»

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እውነት ነው፤ አድርሳኛለች። የቀረውን መዋጋት የእኔ ነበር።

ደረጃውን ወጣን። እኔ ላስቲኮቹን ገንዳው ላይ ሰቅዬ፣ ሾርባ ቢቀር ብዬ ብልቃጡን ፈልጌ፣ አለመቅረቱን አስታውሼ፣ ሻይ ጣድኩ። ሮላንድ ሰማያዊው ክፍል ገባች። ሳጥን ስትከፍት ይሰማኛል። አልጋው ላይ ስትቀመጥ ይሰማኛል። ከዚያ መጥታ የኩሽናው በር ላይ ቆመች።

«ለአይጦች?» አለችኝ።

«ባለጋሪ ያወራል።»

«አልጋውስ?»

«አይጥ መሬት ላይ ይተኛል እንዴ?»

እንድትስቅ ነበር። አልሳቀችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጠይቂኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እትዬ ዩጌት፣ እኔ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነኝ። ከባለጋሪ አልሰማም። ከፈረስ አልሰማም። ከግድግዳ ቀለምም አልሰማም። አንቺ ጠይቂኝ።»

«ክፍሉ ባዶ ነው» አልኳት።

«ክፍሉ ነው የሚጠይቀኝ?»

«ብቻዬን ስበላ የማንኪያው ድምፅ ይሰማኛል።»

«ማንኪያው ነው?»

ሻዩ ፈላ። ተነስቼ አላጠፋሁትም። ያን ሁሉ ዘመን ያላልኩት ቃል ደረቴ ላይ እንደ እርጥብ አንሶላ ከበደኝ። አንሶላ ግን ምን ቢከብድ ጠምዝዘው ነው የሚያወጡት።

«ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ» አልኳት። «እባክሽ።»

ሮላንድ ሻዩን አጠፋችው። እሺም እምቢም ሳትለኝ ስልኩን አንስታ ሐይቁ ጋ ላለችው ጎረቤቷ ደወለች። «ዘነበ?» አለች። ሰማች። «ከመቼ ጀምሮ? ማሳው ድረስ?» ሰማች። ፊቷ ቀስ በቀስ ውሃ እንደ ጠጣ መሬት ሆነ። ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«ከንጋት ጀምሮ እያዘነበው ነው» አለች። «ልክ ካወረድኩት ጀምሮ።»

«የእኔስ ጥያቄ?»

«የእንጆሪው ወራት የእኔ ነው። ከማሳዬ ማንም አያነሳኝም፤ ሬዣንም፣ አንቺም። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲያልፍ ግን፣ በረዶው ሳይጀምር፣ እመጣለሁ። ወንዙ በረዶውን እስኪለቅ ከአንቺ ጋር ነኝ። በእንጆሪው ጊዜ ደግሞ አንቺ ትመጪልኛለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ትለቅሚያለሽ። ቱሪስት ትሆኚያለሽ።»

«የፊሊበርን አጥር ታሳዪኛለሽ።»

«አጥሩን አሳይሻለሁ። አንቺም አትገረሚም።»

የጠየቅሁት ሙሉ ዓመት ነበር፤ ግማሹን አገኘሁ። ግን ያ ግማሽ በረዶ ያለበት፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣበት፣ የማንኪያ ድምፅ ከሁሉ ጊዜ የሚጎላበት ግማሽ ነው። ትንሽ አሰብ አድርጌ፣ እሺ አልኳት። ያቀድኩት ይቺን ነበር፣ ይቺንስ አላስቀርም።

ሬዣንን እስከ እሁድ አላስጠበቀችውም፤ እዚያው ደወለችለት። ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሷ ግን «ቢንጎውን አንተው ተጫወት» ስትለው ሰምቻለሁ።

ገና ጨለምለም ሲል ሮላንድ ከሽርጧ ኪስ መቁጠሪያዬን አወጣች። በረንዳ ወጣች። መቆንጠጫዎቹን ጨምቃ ውሃቸውን አራገፈች፣ ገመዱ ላይ አያያዘችው፣ መዘውሩን ሳበች። ይሄዳል ይንጫጫል፣ ዘይት ካጠጣሁት ቆይቷል።

«እንጆሪዬ ጠጥቷል» አለች። «ነገ ፀሐይ ይሁን። ያን ወንዝ ልየው፣ እውነት ካለ።»

«ድንበር ንገሪያት» አልኳት።

«ነግሬያታለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ታጥቦ የተሰጣ መሰለ። ጣሪያው ያበራል፣ ድንጋዩ ይተናል፣ ከገደሉ በታች ወንዙ እንደ ቢላዋ ተዘርግቷል። እኔ ፊቴን ስታጠብ ከፊት ለፊቱ መስኮት በኩል ኮቴ ሰማሁ፤ ካፑሲን መጥታ ቆመች። ፎጣዬን ይዤ፣ ልማዴ ነውና፣ ልጮህ ሮጥኩ።

ሮላንድ ቀድማኛለች። በሌሊት ልብሷ በሰማያዊው ክፍል መስኮት እስከ ወገቧ ወጥታ፣ ቅርጫቱን በአንድ እጇ ይዛ፣ መንገዱን ሁሉ በሚቀሰቅስ የሐይቅ ድምፅ ትጮሃለች፦

«አንተ ቆሻሻ! ይሄን ፋንድያ ማን ይጠርግልሃል?»

ከታች ኦኔዚም ኮፍያውን አነሳ። ሻንጣ የሚጎትቱ ሁለት ቱሪስቶች ቆመው ፎቶ አነሷት። ሮላንድ ቅርጫቱን ስታወርድ አየሁት፤ ሁለት ፖም አድርጋበታለች፣ አንዱ ለእሱ ነው። ገና ከጅምሩ ልታሞላቅቀው ነው። አልተናገርኳትም፤ ለንግግር ሙሉ የበረዶ ወራት አለን።